የጦር ሜዳ ሆስፒታል፦ ከ1928ቱ ድንኳኖች እስከ ዛሬ

የጦር ሜዳ ሆስፒታል ቁስለኛው እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ራሱ ተነሥቶ ወደ ቁስለኛው ይጠጋል። ግድግዳው ሸራ ነው፤ አልጋው ይታጠፋል፤ መብራቱን ጀነሬተር ያበራዋል፤ ዕቃው ሁሉ በሳጥን ተከቶ በመኪና ይጫናል። ግንባሩ ወደፊት ሲገፋ አብሮ ይገፋል፤ ጦሩ ሲያፈገፍግ ድንኳኑን ነቅሎ ይከተላል። ዋና ሥራው ቀዶ ሕክምና ነው። ሌላው ነገር ሁሉ፣ ውኃው፣ ነዳጁ፣ ወጥ ቤቱና ሹፌሩ ሳይቀር፣ ለኦፕራሲዮን ጠረጴዛው የተሰለፈ ነው።

እንዲህ ያለ ሆስፒታል ያስፈለገበት ምክንያት ደም መፍሰስ ነው። ጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ የመታው ሰው ወዲያው ካልሞተ ቀጥሎ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ከሰውነቱ የሚወጣው ደም ነው። ከእጅና ከእግር የሚፈሰውን ደም ጓደኛው አጥብቆ በማሰር ሊያቆመው ይችላል። ከሆድና ከደረት ውስጥ የሚፈሰውን ግን የሚያቆመው ሐኪም ብቻ ነው፤ ለዚያውም ከፍቶ። ስለዚህ በቁስለኛውና በቀዶ ሐኪሙ መካከል ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይለካል። አጭር መንገድም ድልድዩ ከተሰበረ ረጅም ይሆናል።

ኢትዮጵያ ይህን ዓይነት ሆስፒታል በስፋት ያየችው በ1928 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በቆረም፣ በደሴ፣ በኦጋዴንና በገናሌ ዳርቻ የተተከሉት ድንኳኖች ታሪክ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን እንደሚያፈርሰው አጥርቶ ያሳያል።

ቁስለኛው የሚያልፍባቸው ደጆች

የጦር ሜዳ ሕክምና የሰንሰለት ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቀለበት በተመታበት ቦታ የሚደረግ የመጀመሪያ ርዳታ ነው፤ ደም ማሰር፣ አየር እንዲገባ አፍና አፍንጫን ማጽዳት፣ የተሰበረ አጥንት እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፎ መጠቅለል። ሁለተኛው ከተኩሱ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው የርዳታ ጣቢያ ነው። እዚያ ሐኪም ወይም ልምድ ያለው ድሬሰር ፋሻውን ያስተካክላል፣ ሕመም ማስታገሻ ይሰጣል፣ ቁስለኛውን ለጉዞ ያዘጋጃል። ሦስተኛው ተንቀሳቃሹ የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ነው። አራተኛው በከተማ ያለ ቋሚ ሆስፒታል ሲሆን ረጅም ጊዜ መተኛት የሚያስፈልገው እዚያ ይላካል።

ወደ ሦስተኛው ደጅ የደረሰ ቁስለኛ መጀመሪያ የሚያገኘው ቢላዋ የያዘ ሐኪም አይደለም። በመግቢያው ላይ ቆሞ የሚለይ ሰው ነው የሚቀበለው። በዛሬዎቹ የአገራችን ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል «ትሪያጅ» የሚባለው ሥራ ይህ ነው። ቃሬዛዎቹ መሬት ላይ ተደርድረው ለዪው አንድ በአንድ ያያቸዋል፤ ይተነፍሳል ወይ? ደሙ ይፈስሳል ወይ? ሲጠሩት ይሰማል ወይ? ከዚያ በየቃሬዛው ላይ ምልክት ያደርጋል። አሁኑኑ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ የሚሞተው ወደ ጠረጴዛ ይሄዳል። ጥቂት ሰዓት መጠበቅ የሚችለው ይጠብቃል። በእግሩ የሚሄደው ቁስሉ ታስሮለት ይቀመጣል። ሊድን የማይችለው ሕመሙ እንዲቀልለት ተደርጎ ዳር ይተኛል። በሥራው ከባዱ ውሳኔ ይህ የመጨረሻው ነው። አንድ ሐኪም ተስፋ በሌለው ቁስለኛ ላይ ሦስት ሰዓት ቢያጠፋ፣ በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ሊተርፉ የሚችሉ ሌሎች ደጅ ላይ ያልቃሉ። ማዕረግ፣ ዘርና የወገን ጦር መሆን በዚህ ልየታ ቦታ የላቸውም፤ የተማረከ የጠላት ወታደር ቁስሉ ከከፋ ከኮሎኔሉ በፊት ይገባል።

በድንኳኑ ውስጥ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና በከተማ ሆስፒታል ከሚሠራው ይለያል። ዓላማው ሕይወትን አትርፎ ቁስለኛውን ወደሚቀጥለው ደጅ ማድረስ እንጂ ሁሉን ነገር ጠግኖ መጨረስ አይደለም። የሚደማው ሥር ይታሰራል፤ የተበሳው አንጀት ቆሻሻው እንዳይፈስስ ይዘጋል፤ የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ይወጣል። የጦር ሜዳ ቁስል ወዲያው አይሰፋም። ጥይትና ፍንጣሪ አፈር፣ የልብስ ቁራጭና ፋንድያ ይዘው ስለሚገቡ ላዩ ተሰፍቶ ቢዘጋ ውስጡ ይመግላል፤ ሥጋውም ይበሰብሳል። ስለዚህ ቁስሉ ይጸዳና በፋሻ ተሸፍኖ ክፍት ይተዋል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ንጹሕ መሆኑ ሲታይ ይሰፋል። ይህን ትምህርት ሐኪሞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብዙ ሺህ ሕይወት ከፍለው ተምረውታል።

ለዚህ ሁሉ ውኃ ያስፈልጋል፤ ብዙ ውኃ። እጅ ለመታጠብ፣ መሣሪያ ለመቀቀል፣ ቁስል ለማጠብ፣ አንሶላ ለማጽዳት፣ ለቁስለኛው ለማጠጣት። የጦር ሜዳ ሆስፒታል የሚተከልበትን ቦታ የሚመርጥ ሰው ከመንገድ ቀጥሎ የሚጠይቀው ምንጭ ወይም ወንዝ ነው። ከውኃው ቀጥሎ ደም ይመጣል። በዛሬው ሆስፒታል ደም በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ይደርሳል፤ ካለቀ ደግሞ ጤነኛ ወታደሮችና ሠራተኞች ራሳቸው ክንዳቸውን ይዘረጋሉ።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ሐኪምን ወደ ግንባር የማስጠጋቱ ሐሳብ በዘመናዊ መልኩ ከፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዶሚኒክ ላሬ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ከላሬ በፊት በአውሮፓ ጦሮች ቁስለኛ ከሜዳው የሚነሣው ውጊያው ካበቃ በኋላ ነበር፤ አንዳንዱ ከአንድ ቀን በላይ በወደቀበት ይቆይ ነበር። ላሬ በ1790ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈጣን የፈረስ ጋሪዎችን አዘጋጅቶ ውጊያው ሳያበቃ ቁስለኛ ማንሣት ጀመረ፤ በማዕረግ ሳይሆን በቁስል ክብደት ማከምንም ደንብ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1859 በሶልፌሪኖ ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ቁስለኞች ያለ ሐኪም ወድቀው ያየው ስዊዘርላንዳዊ ነጋዴ ሄንሪ ዱናን ያነሣሣው እንቅስቃሴ በ1863 የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴን፣ በ1864 ደግሞ የመጀመሪያውን የጄኔቫ ስምምነት አስገኘ። ስምምነቱ ለጦር ሜዳ ሆስፒታል ሌላ መከላከያ ሰጠው፦ በነጭ መደብ ላይ ያለ ቀይ መስቀል። ዓርማው ባለበት ተኩስ መከፈት የለበትም። ከዚያ ወዲህ የድንኳኑ ደኅንነት የተመሠረተው ጠላት ይህን ዓርማ በማክበሩ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ቁስለኛን የሚያነሣው ዘመዱና ጓደኛው፣ የሚያክመው ደግሞ ወጌሻና የባህል ሐኪም ነበር። በየካቲት 1888 በአድዋ እቴጌ ጣይቱ ያሰለፏቸው ሴቶች ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ ያመላልሱ ነበር። ከድሉ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል የላከው የሕክምና ቡድን በዚያው ዓመት ክረምት አዲስ አበባ ደርሶ የአድዋ ቁስለኞችን አከመ። የቡድኑ ሥራ አዲስ አበባ ውስጥ የሩሲያ ሆስፒታል እንዲቋቋም መንገድ ከፈተ፤ ዘመናዊ ሕክምናም በከተማዪቱ ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው። ይሁንና አድዋ ላይ የተዋጋው ጦር ከኋላው የሚከተል የቀዶ ሕክምና ድንኳን አልነበረውም።

1927 እና 1928፦ ዝግጅቱ

ከአርባ ዓመት በኋላ ኢጣሊያ ለሁለተኛ ጊዜ ስትዘጋጅ የኢትዮጵያ ጦር አሁንም የሕክምና ክፍል አልነበረውም ማለት ይቻላል። በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነርሱ አንጋፋው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በዚያን ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ርዳታ ያሰባስቡ ነበር። በሐምሌ 1927 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ። በዚያው ወር ኢትዮጵያ ስለ ጦር ቁስለኞች የተደነገገውን የ1929ኙን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነት ተቀበለች። ዓለም አቀፉ ኮሚቴም ለማኅበሩ በመስከረም 1928 እውቅና ሰጠው። ጦርነቱ የተጀመረው በዚያው መስከረም በ22ኛው ቀን ነው። ማኅበሩን በዋና ጸሐፊነት የሚያንቀሳቅሱት ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ የኖሩት አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢ ነበሩ።

በአዲስ አበባ የመኳንንቱና የከተማው ሴቶች በእቴጌ መነንና በልዕልት ፀሐይ አስተባባሪነት ተሰብስበው ፋሻ ይቆርጡ፣ ልብስ ይሰፉ፣ ለመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ያዘጋጁ ነበር። ከውጭ ደግሞ የስዊድን፣ የኖርዌይ፣ የፊንላንድ፣ የሆላንድና የእንግሊዝ ቡድኖች እንዲሁም የግብፅ ቀይ ጨረቃ ተራ በተራ ደረሱ። እያንዳንዱ ቡድን ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ሹፌሮች፣ የጭነት መኪናዎች፣ ድንኳኖችና የኦፕራሲዮን ዕቃ ይዞ የመጣ ሙሉ ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል ነበር። ሆላንዶች በደሴ፣ እንግሊዞች ወደ ቆረም አቅጣጫ፣ ስዊድኖችና ኖርዌዮች በደቡብ በሲዳሞ በኩል፣ ፊንላንዶችና ግብፆች በሐረርና በጅጅጋ በኩል ተሰለፉ። ከእነዚህ ሌላ በራሱ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ስም የሚንቀሳቀሱ፣ በግሪክ፣ በኦስትሪያ፣ በፖላንድና በአሜሪካ ሐኪሞች የሚመሩ ቡድኖች ነበሩ።

አቃቂ፦ ባቡሩ፣ ሬዲዮውና ሜዳው

የጦር ሜዳ ሆስፒታል ከኋላው መስመር ከሌለው ከጥቂት ቀን በላይ አይቆምም። መድኃኒቱ ያልቃል፤ ነዳጁ ይደርቃል፤ የደረሰበትን የሚያውቅ ሰው አይኖርም። በ1928 የዚህ መስመር አንዱ ቋጠሮ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለው አቃቂ ነበር፤ በዛሬው አጠራር የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ።

በመጀመሪያ ባቡሩ በዚያ ያልፋል። ከጅቡቲ በባቡር ለአዲስ አበባ የመጣ የሕክምና ዕቃ ሁሉ ድሬዳዋንና አዋሽን አቋርጦ፣ አቃቂን አልፎ ነው ለገሐር የሚራገፈው። ከለገሐር በኋላ ሐዲድ የለም፤ ወደ ደሴ የሚወስደው አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ዝናብ ሲመታው መኪናን እስከ ጎማው የሚውጥ ጭቃ ነበር። ከደሴ ወደ ሰሜን ደግሞ መኪና የሚደርስበት ቦታ እያነሰ፣ በቅሎና የሰው ትከሻ የሚሸከመው እየበዛ ይሄዳል።

ሁለተኛው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ጣቢያውን የሠራው የኢጣሊያ ኩባንያ አንሳልዶ ነበር፤ የኢትዮጵያን ድምፅ ወደ ውጭ ያስተላለፈው ግን ኢጣሊያ ልትወርራት ስትዘጋጅና ስትወርራት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1928 መጀመሪያ ለውጭው ዓለም በሬዲዮ የተናገሩት በዚህ ጣቢያ ነው። ኋላ ድንኳኖቹ ሲደበደቡ ወሬው በቀናት ውስጥ በአውሮፓ ጋዜጦች ላይ ሊወጣ የቻለው ሽቦ አልባ መገናኛ ስለነበረ ነው።

ሦስተኛው የአቃቂ ሜዳ ነው፤ በዚያን ጊዜ ለአውሮፕላን ማረፊያነት ያገለግል ነበር። በአገሪቱ የነበሩት ጥቂት አውሮፕላኖች ሰው፣ ደብዳቤና መድኃኒት ያመላልሱ ነበር። ቀይ መስቀል የተቀባባቸውን አውሮፕላኖች ካበረሩት አንዱ ወጣቱ ስዊድናዊ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ናቸው። በመኪና ብዙ ቀን የሚፈጀውን የሰሜን መንገድ አውሮፕላን በሰዓታት ይጨርሰዋል። ግን ቁስለኛ ለማመላለስ የሚበቃ አውሮፕላን አልነበረም፤ ከሜዳ ላይ በሺዎች የሚቆጠረው ቁስለኛ የተነሣው በቃሬዛ፣ በበቅሎና በእግሩ ነው።

የድንኳኑ ሥራ በ1928

ያን ጊዜ ሐኪሙ በእጁ የነበረው ነገር ዛሬ ካለው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነበር። ማደንዘዣው ኤተርና ክሎሮፎርም ነው። ፔኒሲሊን ገና ለሕክምና አልበቃም። ተጠራቅሞ የሚቀመጥ ደም ወደ ጦር ሜዳ የመላኩ ልማድም ገና አልተጀመረም፤ በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ የተደረገው ከአንድ ዓመት በኋላ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ነው። የመገለ እግር ሌላ መድኃኒት ስላልነበረው ብዙ ጊዜ ይቆረጥ ነበር።

ከጥይት ቁስል ሌላ ሐኪሞቹ ያልተዘጋጁበት ነገር ገጠማቸው። ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ፣ ቀጥሎም በሌሎች ግንባሮች ይፔሪት የተባለውን የመርዝ ጋዝ መጣል ጀመሩ። ይፔሪት ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ ዘይትነት ያለው ፈሳሽ ነው፤ መሬትና ቅጠል ላይ ተጣብቆ ይቆያል። የነካው ሰው ወዲያው አይሰማውም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ቋጥሮ ያብጣል፣ ይላጣል፤ ዓይኑ ይዘጋል፤ የተነፈሰው እንደሆነ ሳንባው ይቃጠላል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ወታደር በባዶ እግሩ ስለሚሄድ የተበከለውን ሣር ሲረግጥ እግሩ ይላጥ ነበር። ሸማው መርዙን ይይዝና ከቆዳው ጋር ያቆየዋል።

ለዚህ ቁስል ቀዶ ሕክምና አይረዳም። የሚያስፈልገው ልብሱን አውልቆ ማስወገድ፣ ገላውን በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ዓይኑን ማጠብ፣ የተላጠውን ቁስል በንጹሕ ፋሻ መሸፈንና መጠበቅ ነው። ለሃያና ለሠላሳ ቁስለኛ የተዘጋጀ ድንኳን በመቶ የሚቆጠሩ የተቃጠሉ ሰዎች ሲመጡበት ውኃውም፣ ፋሻውም፣ ሰውም አይበቃም። ቁስለኛውን ሲያጥቡ የሚውሉ ድሬሰሮችም ከልብሱ መርዝ ሊነካቸው ይችላል።

ዓርማው ያላዳናቸው ድንኳኖች

በ1928 የጦር ሜዳ ሆስፒታሎችን ያፈረሳቸው ከመድኃኒት እጥረት ይልቅ ከሰማይ የወረደባቸው ቦምብ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ ያሉባትን ደሴን ደበደቡ። ቦምቡ በከተማዪቱ የነበረውን የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖችን መታ። በቦታው የነበሩ ሐኪሞችና የውጭ ጋዜጠኞች ያዩትን በቴሌግራም አስተላለፉ።

በዚያው ወቅት በኦጋዴን ግንባር በደገሃቡር የሚሠሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ሆክማን ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብ ለማምከን ሲሞክሩ ፈንድቶ ገደላቸው።

ከሁሉ የከፋው በደቡብ የደረሰው ነው። በዶክተር ፍሪዴ ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ቡድን የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር ተከትሎ በገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ ላይ ሰፍሮ ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ማለዳ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በሰፈሩ ላይ ቦምብ አዘነቡበት፤ በመትረየስም ደበደቡት። ድንኳኖቹ ቀይ መስቀል ነበረባቸው። ከሃያ የሚበልጡ ቁስለኞች እዚያው ሞቱ፤ ሌሎች ብዙዎች ዳግመኛ ቆሰሉ። ሂላንደር ራሳቸው ሲቆስሉ፣ ባልደረባቸው ጉናር ሉንድስትሮም ሞቱ። ኢጣሊያ ምክንያት ያደረገችው ከጥቂት ቀን በፊት የተያዘ አንድ ኢጣሊያዊ አብራሪ መገደሉን ነው። በሕሙማን ላይ የበቀል እርምጃ መውሰድን የዛሬው የጄኔቫ ሕግ ይከለክላል።

በሰሜን በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ ቡድን በቆረም አቅራቢያ ሜዳ ላይ ድንኳኑን ተክሎ፣ አውሮፕላን ከሩቅ እንዲያየው ሰፊ የቀይ መስቀል ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግቶ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1928 አንድ አውሮፕላን መጥቶ ሰፈሩን ደጋግሞ ደበደበ። ሕሙማን ሞቱ፤ የኦፕራሲዮን ድንኳኑና መኪናዎቹም ተጎዱ። ቡድኑ ከዚያ በኋላ የሚታይ ሜዳ ላይ መስፈር ትቶ ሸለቆ ውስጥ ተሸሸገ። ዓርማውን ዘርግቶ መታየት መከላከያ መሆኑ ቀርቶ ዒላማ ሆነ ማለት ነው። መጋቢት 8 ደግሞ ፎን ሮዘንና የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ልዑክ ዶክተር ማርሴል ዡኖ ወደ ቆረም የመጡበት አውሮፕላን ቀይ መስቀሉን እንደያዘ መሬት ላይ ሳለ ተመትቶ ወደመ።

ኢጣሊያ በበኩሏ ኢትዮጵያውያን ዓርማውን ለሕክምና ባልሆነ ቦታ ይሰቅሉታል ስትል ከሰሰች። ዓርማው ለሕዝቡ አዲስ ስለነበር ቦምብ ይከለክልልናል ብለው ያለ አግባብ የተጠቀሙበት ሰዎች አልታጡም፤ ይህም ለክሱ ሰበብ ሆኗል። ነገር ግን መልካ ዲዳና ቆረም ላይ የተመቱት በስምና በቦታ የሚታወቁ እውነተኛ ሆስፒታሎች ናቸው። የመንግሥታቱ ማኅበር ኮሚቴ በጋዙ ጉዳይ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያለውን መረጃ እንዲሰጠው ሲጠይቅ ኮሚቴው ገለልተኛነቴን ይነካል ብሎ አልሰጠም። ዡኖ በዓይናቸው ያዩት ነገር በጊዜው ለተጠቂው አልመሰከረለትም።

መጋቢት 22 የኢትዮጵያ ጦር በማይጨው ከተሸነፈ በኋላ በሰሜን የነበሩት ተንቀሳቃሽ ሆስፒታሎች ከሚያፈገፍገው ጦር ጋር ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ከተማዪቱን ሲለቁ ዘረፋና ተኩስ ተነሣ። የሜሊ ቡድን በመኪና እየዞረ ከየመንገዱ ቁስለኛ ማንሣት ጀመረ። ሜሊ አንድ ቁስለኛ ለማንሣት ከመኪና በወረዱበት ተተኮሰባቸውና የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ ሞቱ። በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤት የመክፈት ሐሳብ ነበራቸው።

ኮሪያ፦ ሰንሰለቱ ሲሞላ

ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ወታደር ሙሉ ሰንሰለት ባለበት ጦር ሜዳ ተሰለፈ። የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ኮሪያ ሲደርስ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ገባ። አሜሪካኖች ተንቀሳቃሹን የጦር ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል በዚህ ስም ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1945 ሲሆን በስፋት የተፈተነው ኮሪያ ላይ ነው። መጀመሪያ ለ60 አልጋ የታሰበው ሆስፒታል ውጊያው ሲበረታ ወደ 200 አልጋ አደገ። ከተራራ ላይ ቁስለኛን ሄሊኮፕተር ያነሣ ጀመር፤ ቃሬዛው ከሄሊኮፕተሩ ጎን ውጭ ይታሰራል። በማቀዝቀዣ የተያዘ ደምና ፔኒሲሊን ነበረ።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሕይወት ሆስፒታል ከደረሱ የአሜሪካ ቁስለኞች ከመቶ 4.5 ያህሉ ሲሞቱ፣ በኮሪያ ወደ 2.5 ወረደ። የተበጠሰ የእግር ደም ሥር እንደ ቀድሞው ታስሮ ከመተው ይልቅ መጠገን ሲጀምር፣ ቀድሞ ግማሽ ያህል የነበረው የመቆረጥ ዕጣ ከመቶ 13 ገደማ ሆነ። ከቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ሞተው ከ530 በላይ ቆስለዋል፤ የተማረከ አልነበረም። በ1928 ወደ ሲዳሞ ቡድን የላከችው ኖርዌይ ኮሪያ ላይም የራሷን የጦር ሜዳ ሆስፒታል ከ1951 እስከ 1954 (እ.ኤ.አ.) አሠርታ ከ90 ሺህ በላይ ሕሙማንን አይታለች።

ዛሬ ያለበት ደረጃ

የአሜሪካ ጦር ኮሪያ ላይ ከተፈተነው ዓይነት ሆስፒታል የመጨረሻውን እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጋ። ቦታውን የያዙት ሃያ ያህል ሰዎች ያሏቸው ትናንሽ የቀዶ ሕክምና ቡድኖችና ከኋላቸው ያሉ ትላልቅ ሆስፒታሎች ናቸው። በተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ሥራም፣ ኢትዮጵያ ከከፍተኛ ጦር አዋጪዎቹ አንዷ በነበረችበት፣ ሕክምናው በደረጃ ይከፈላል። ደረጃ አንድ የመጀመሪያ ሕክምና ነው። ደረጃ ሁለት በቀን ሦስትና አራት ኦፕራሲዮን መሥራት የሚችል፣ ከ10 እስከ 20 አልጋ ያለው ሆስፒታል ነው። ደረጃ ሦስት ከዚያ የሚበልጥ፣ ልዩ ልዩ ሐኪሞች ያሉበት ነው።

በአገር ውስጥ ከ1928 የተረፈ ቅርስ አለ። በለንደን ነርስነት ተምረው በወጣትነታቸው የሞቱት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆኗል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በጦርነት ዋዜማ ተቋቁሞ ዛሬ አምቡላንስ የሚያሰማራ፣ የመጀመሪያ ርዳታ የሚያስተምር ማኅበር ነው። በአቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ውስጥ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ሲገባ የሚደረግለት ልየታ በጦር ሜዳ የተፈተነ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ማን ይቅደም የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ የመለሱት የጦር ሐኪሞች ናቸው።

ሕጉም ከ1928 ወዲህ ጠንክሯል። የ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶች የቆሰለ ወታደርን፣ የሕክምና ሠራተኛን፣ ሆስፒታልንና አምቡላንስን ይጠብቃሉ። የእርስ በርስ ጦርነትንም የሚመለከት የጋራ አንቀጽ አላቸው፤ ቁስለኛ ከየትኛውም ወገን ይሁን ተነሥቶ መታከም አለበት ይላል። ኢትዮጵያ ስምምነቶቹን ተቀብላለች። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 271 በቁስለኞችና በሕክምና አገልግሎት ላይ የሚፈጸም ድርጊትን የጦር ወንጀል አድርጎ ይቀጣል። ሆስፒታል ጥበቃውን የሚያጣው ለመዋጊያነት ሲውል ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መሰጠት አለበት።

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት አድዋ ላይ የጎደለው ድንኳኑ ነበር። በ1928 ድንኳኑ ነበረ፤ ሐኪሙም ነበረ፤ የጎደለው ዓርማውን የሚያከብር ጠላት ነበር። ኮሪያ ላይ መኪናው፣ ሄሊኮፕተሩ፣ ደሙና መድኃኒቱ ሲሟሉ የሚሞተው ቁጥር ወረደ። ከእነዚህ ውስጥ በገንዘብ የማይገዛው ዓርማውን ማክበር ብቻ ነው። ስለዚህ ቀይ መስቀል ያለበትን አምቡላንስ ለጭነት ወይም ለታጣቂ ማጓጓዣ ማዋል፣ ሆስፒታል ውስጥ መሣሪያ ይዞ መመሸግ፣ ወይም የጠላት ነው ብሎ ቁስለኛን ከቃሬዛ ማውረድ ጉዳቱ በዚያ ቀን አያበቃም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የራስን ወገን ቁስለኛም መጠጊያ ያሳጣል።